ሸዋረጋ ሴቭ ያላደረገችው ገጽ

ሬሳው እንደተቀመጠ ነበር። ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ፣ ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ጥሎ፣ ሥራ ያሰለቸው ሰው መስሎ። ክፍሏ ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም፤ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ወደ ሰገነቱ የምትከፈት ጠባብ መስኮት። ጭሱ ወጥቶ ካለቀ ሰዓት ቢሆነውም የተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

ኢንስፔክተር ይመኙሽ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ገባች። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ጠዳ ከከብት ጋር ያደገች ሴት «ሽታ አልወድም» ስትል ባልደረቦቿ ይስቁባታል። እሷም «የእበት ሽታ ሌላ፣ የሰው ሥራ ሽታ ሌላ» እያለች ትመልስላቸዋለች። የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። የቀኝ እጁ ሦስት ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ ከሥራቸው አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። በሩ አረንጓዴ ነው፤ በውስጥ በኩል ወገብ በሚደርስበት ቦታ ላይ ተፍቋል።

«ሲገኝ በሩ ክፍት ነበር?»

«ገርበብ ብሎ ነበር፤» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን። «ያገኘችው ልጅ እንዲያ ነው ያለችው።»

መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ነው። ክፍሏ በጣልያን ጊዜ የዕቃ ግምጃ ቤት እንደነበረች ያስታውቃል። ይመኙሽ መቀርቀሪያውን ገፋ መለስ አደረገችው። ክፍት በር ላይ ጥፍሩን የሚሰብር ሰው የለም፤ ተቀርቅሮበት ነበር፣ ከሞተ በኋላ ተከፈተለት። ኤዲያ! ለሬሳ በር የሚከፍት ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው?

ሟቹ ዳኛው ይባላል። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ፒያሳ ባለው አሮጌ ፎቅ ውስጥ «የቀደሙ እጆች ማኅበር» የተባለውን ያቋቋመው እሱ ነው። ማኅበሩ የአንጥረኛውን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ የሸማኔውን፣ የግንበኛውን ስም እየሰበሰበ መዝገብ ያዘጋጃል፤ ጎንደርን በእጃቸው ሠርተው ማንም ስማቸውን ያልጻፈላቸውን ሰዎች። በዚያ በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሳምንታት አልፈው ስለነበር፣ መዝገቡን እዚያው ቢሮ በተቀመጠ በራሳቸው ሰርቨር ላይ ለመጻፍ ወሰኑ። ዊኪ ይሉታል፤ ብዙ ሰው ከየኮምፒዩተሩ ሆኖ የሚጽፍበት የጋራ መዝገብ ነው።

የትኛው ዊኪ ይሁን በሚለው ግን ሦስት ወር ተነታረኩ። ሁለት ሶፍትዌሮች ቀረቡ። የማኅበሩ የኮምፒዩተር ባለሙያ መርዋ አንዱን «ተረኛው»፣ ሌላውን «ደቦው» ብላ ስም አወጣችላቸው። በተረኛው አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ለሌላው ይቆለፋል፤ ጨርሶ ሴቭ ሲያደርግ ብቻ ይከፈታል፣ የሚቀረውም የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻ ነው። በደቦው አሥር ሰው አንድ ገጽ ላይ ባንድ ጊዜ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ፊደል ገና ሲነካ በጸሐፊው ስምና ቀለም ለሁሉም ይታያል።

እስቲ እንግዲህ ይሉኝታ የሚባለውን ጉድ ተመልከቱ! ደቦው ሲሞከር አንድም ቀን ሁለት ሰው አንድ ገጽ ላይ አልተገናኘም። ሊቀመንበሩ ሲጽፉ ማን ደፍሮ ይገባል? «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ አንተ ቅደም» እየተባባሉ ደቦ ጠርተው ተራ ይጠብቃሉ። ማክሰኞ ጠዋት መርዋ በዚህ ነገር ተናዳ ዳኛው ላይ ጮኸች። «ጋሼ፣ አብረው ካልጻፉ ደቦው ለምናቸው ነው? የኔም የርስዎም ድካም ገደል ገባ!» ይህን ጩኸት ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መርዋ ጄኔሬተሩን አስነሥታ ለሰርቨሩ የሚሆን ባትሪ ልታመጣ አዘዞ ሄደች። አሥር ሰዓት ላይ ስትመለስ ጄኔሬተሩ የጭስ ማውጫውን ወደ ጠባቧ መስኮት አዙሮ ያጓራል። ዳኛው ሞቷል። ዕለቱን አሠሯት።

«ያስነሣችው እሷ፣ የተጣላችው እሷ፣ ያገኘችው እሷ፤» አለ የይመኙሽ አለቃ። «ዓርብ ሦስት ሰዓት በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ከዚያ በፊት የምታገኚው ካለ አምጪ።»

ረቡዕ ጠዋት የመርዋ እናት ወይዘሮ ዙሌይካ የምሳ ዕቃ ታቅፋ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ይመኙሽ ስታልፍ ክንዷን ያዘቻት። «ዶሮ ሲታረድ ከግቢ የምትሸሽ ልጅ ናት፤» አለቻት። «እባክሽ የኔ እናት፣ አንዲት ልጄን አትብሉብኝ።»

መርዋ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ጄኔሬተሩን የት አቆምሽው?» አለች ይመኙሽ።

«ሰገነቱ ጫፍ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበት። ጭሱ ወደ ጓሮ ነው የሚሄደው። መሰለኝ። ሳስበው ግን፣ ኢንስፔክተር፣ ቸኩዬ ነበር። ምናልባት እኔው ነኝ የገደልኳቸው።»

«ምነው፣ ያልጠየቅሁሽን ትናዘዣለሽ? ዳኛው ስልክ አልነበረውም?»

«መብራት ሲጠፋ ስልኮቻችንን ሁላችንም ሳሎን ያለችው አንዲት ማከፋፈያ ላይ እንሰካለን። የሳቸውም እዚያ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ደግሞ ቢጮኹም የሚሰማ የለም።»

«ኪቦርድ ግን ፊቱ ነበር።»

መርዋ ቀና አለች።

«ማክሰኞ የምትጽፉት በየትኛው ነበር?»

«በደቦው። ረቡዕ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የመጨረሻ ሙከራ ይሁን ብለው ጋሽ ዳኛው። አንድ ስም ከመዝገቡ እየጠፋባቸው ተቸግረው ነበር። ሦስት ጊዜ ጻፉት፣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በተረኛው ማን እንዳጠፋው አይታወቅም።»

«የማን ስም?»

«አያና የሚባል የወለቃ ቤተ እስራኤል አንጥረኛ። የአንድ ደብርን ትልቅ የብረት በር የሠራ ሰው ነው። የልጅ ልጁ ወይዘሮ ጥሩ እስራኤል ከመሄዷ በፊት ስትናገር ጋሽ ዳኛው በድምፅ ቀድተዋታል።»

«ደቦው የተሰረዘ ነገር ያስቀምጣል?»

«ሴቭ ባይደረግም ያስቀምጣል፣ ፊደል በፊደል። ለሁሉም አስረድቼ ነበር፤ እኔ ስናገር ግን ስልካቸውን ይነካካሉ። ታሪኩን የሚከፍተው ደግሞ የኔ የይለፍ ቃል ነው።»

ይመኙሽ ተነሣች። «ሸጋ። እስክጠራሽ ድረስ ይህን ለማንም አትናገሪ። ምሳሽን ብዪ፤ እናትሽ ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

ሰገነቱ ጫፍ ላይ፣ ጄኔሬተሩ ሲቆምበት በኖረው ቦታ፣ ጥቁር የዘይት ክብ አለ። ይመኙሽ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። በአሮጌው እድፍ ላይ ገና ያልደረቀ ነጠብጣብ አገኘች። መስኮቷ ሥር ያለው ነጠብጣብ ጥቂት ነው። ከዚያ እስከዚህ ድረስ ዘይት የረገጠ የጎማ መስመር ተሥሏል። ልጅቷ ቦታው ላይ ነው ያስነሣችው፤ እየሠራ ሳለ አንድ ሰው ገፍቶ አዞረው። ለመግፋት ጉልበት አይጠይቅም፣ ጎማ አለው።

በሰገነቱ በኩል ከሰርቨሩ ክፍል ቀጥሎ ያለው የሊቀመንበሩ ቢሮ ነው። አቶ ወልደኢየሱስ ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ጢም፣ ለስለስ ያለ ድምፅ። ቀኝ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ግራቸውን ዘረጉላት።

«ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ኵሉ ኃላፊ፣ ሁሉም አላፊ ነው፣ ልጄ። ዳኛው ወንድሜ ነበር፤» አሉና አለቀሱ። እንባው ቶሎ መጣ፣ ቶሎም ደረቀ። «የሞተባትን ክፍል ለቤተ መጻሕፍት ብናደርጋት ምን ይመስልሻል?» አሉ ቀጥለው። ሰውዬው ገና አልተቀበረም! ይመኙሽ መሐረቧን አወጣች።

«እጅዎን ምን ሆኑ?»

«ጧፍ ነው። ጸሎት ላይ ሳለሁ አቃጠለኝ።»

«እስቲ ልየው። እናቴ የቃጠሎ መድኃኒት ታውቅ ነበር።»

መዳፋቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑት። ቀጥ ያለ ሰንበር ነው፤ ከአውራ ጣታቸው ሥር ተነሥቶ መዳፋቸውን አቋርጦ ውኃ ቋጥሯል።

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ከጸሐፊዬ ከሸዋረጋ ጋር። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ በስሜ ትጽፋለች። ያንን ማሽን በጣቴ ነክቼው አላውቅም። እሷ ሴቭ ካላደረገችው ቃሌ ነፋስ ነው።»

«ምን ነበር የሚያስጽፉት?»

«የብረት በሩን ታሪክ። አያቴ ናቸው ያሠሩት። ለደብሩ ንግሥ ስማቸው በእብነ በረድ ተጽፎ በሩ ላይ ይመረቃል። ሊቃውንቱ ሁሉ ተጠርተዋል።» ይህን ሲሉ ብቻ ፊታቸው ላይ እውነተኛ ደስታ ታየ።

ሸዋረጋ በየመሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ዓመት በታይፕ የኖረች፣ ጣቶቿ የጠመሙ ሴት ናት። ከሊቀመንበሩ ጋር ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ጀምሮ ነበረች።

«ጽፊ ያሉኝን እጽፋለሁ፣ ሰርዢ ያሉኝን እሰርዛለሁ፤» አለች፣ የተሳሳተችውን መስመር ሙሉውን ባንዴ መርጣ እያጠፋች። «ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«ከሰዓቱን ሁሉ ከቢሯቸው አልወጣሽም?»

«አንዴ ብቻ። ነጠላቸው ተዘምዝሞ አልቆ ከሆነ አምጪ ብለው ናስር ሱቅ ልከውኝ ነበር። የስፌት ማኪናው ላይ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ስመለስ ጽፌ ጨርሼ ሴቭ አደረግሁ።» ከንፈሯን ነከሰች። «አንድ ነገር ግን… ኧረ ተዪው፣ ቅሌት ነው።»

«ንገሪኝ።»

«ወንበሬ ሞቆ ነበር። ሰው የተነሣበት ወንበር እጸየፋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። የጌታው ወንበር ግን ማዶ ነው ያለው።»

ይመኙሽ ደረጃውን ወርዳ መንገዱን ተሻገረች።

ናስር ከፎቁ ትይዩ ጨርቅ ይሸጣል፣ በቀጠረው ሰፊም ያሰፋል። አያቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሸጠዋል። የማኅበሩ አባል ነው፤ ስለ ሸማኔዎች የሚጽፈው እሱ ነው፣ ዋይፋዩ ሱቁ ድረስ ስለሚደርስ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ያኖራል።

«ሸዋረጋ ማክሰኞ መጥታ ነበር?»

«አዎ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል መጣች፣ የዐስር አዛን ሊል ሲል፣ ዘጠኝ ተኩል ገደማ፣ ነጠላውን ይዛ ሄደች። እዚያች ወንበር ላይ ነበረች፣ ፊቴ።»

«አንተስ ምን ትሠራ ነበር?»

«የራሴን ገጽ እጽፍ ነበር። የራሴን ብቻ።» ሜትሩን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። «ኢንስፔክተር፣ ያ ነገር የገባ ሰው ሁሉ ስም ይይዛል እንዴ?»

«ምነው ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው።»

እንዲያው! ከፊት ለፊቱ ባለው ጎዳና ዙሌይካ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ትመላለሳለች፤ የሠፈሩ ልጅ፣ የጎረቤቱ ልጅ፣ ጣቢያ ታስራለች። እሱም ያያል። አይቶም «እንዲያው ነው» ይላል። ይመኙሽ ከሱቁ ስትወጣ መንገዱ ዳር ምራቋን ተፋች፤ እንዲህ የምታደርገው በጣም ስትናደድ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሊቀመንበሩ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሸዋረጋ እንደ ልማዷ ከኋላቸው፣ ናስር በር አጠገብ። መርዋ ካቴናዋ ተፈትቶላት ከሳጅኑ ጋር ገባች። ዙሌይካን ማንም አልጠራትም፤ ተከትላ መጥታ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ማንም ውጪ አላላትም።

«ዳኛውን የጄኔሬተር ጭስ ገደለው፤» አለች ይመኙሽ። «ግን በሩ ተቀርቅሮበት ነበር፣ ጥፍሩ ይመሰክራል። ጄኔሬተሩ ጫፍ ላይ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ተገፋ፣ ዘይቱ ይመሰክራል። በኋላ በሩን የከፈተለት ሰው አለ። ጥፋቱ የመርዋ እንዲመስል። የቀረቀረውና የከፈተው ሰው በመካከሉ እዚሁ ፎቅ ላይ ቆይቷል፤ መርዋ ግን አዘዞ ነበረች።»

«ማንስ አያት?» አሉ አቶ ወልደኢየሱስ ረጋ ብለው።

«ይጠብቁኝ። ስልኩ እዚህ ነበር የተሰካው። ጩኸቱን ጄኔሬተሩ ዋጠው። ኪቦርድ ፊቱ ያለ ሰው፣ በሩ እምቢ ሲለው ምን ያደርጋል? ይጽፋል። ለማን? ቀጥሎ ካለው ክፍል ውስጥ ላለ ሰው። ስለዚህ እርስዎ በከፈቱት ገጽ ላይ ይገባል።»

«እኔ ምንም አላየሁም። ገጹም ላይ ምንም የለም። ሸዋረጋ ትመስክር።»

«አሁን የለም፤» አለች ይመኙሽ። «መርዋ፣ ክፈችው።»

መርዋ የይለፍ ቃሏን ሁለቴ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ገባላት። ፕሮጀክተሩ ነጩ ግድግዳ ላይ ገጹን አበራ። ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሁለት። በሰማያዊ ቀለም፣ በወልደኢየሱስ ስም፣ «በሩም በአያቴ ትእዛዝ ተሠርቶ ቆመ» ይላል። ፊደሎቹ ቶሎ ቶሎ መጡ፤ የሸዋረጋ እጅ ናቸው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ቀይ ፊደሎች መምጣት ጀመሩ። ላያቸው ላይ ዳኛው የሚል ስም አለ።

በሩን ክፈቱልኝ

ሰማያዊው ምልክት ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር መጨረሻ ሄደና መሰረዝ ጀመረ። አንድ ፊደል። ቆም። አንድ ፊደል። ቆም። በዚህ መሃል አረንጓዴ ቀለም፣ የናስር ስም፣ ብቅ ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ። ቀዩ እንደገና ጻፈ።

ሰው የለም? ጭስ ነው

ይህም ከኋላው እየተለቀመ ተሰረዘ። በሦስተኛው ቀዩ በጣም እየዘገየ መጣ።

የሚሰርዙት እርስዎ ነዎት አያለሁ እባክዎ ይክፈቱልኝ

እየሞተ አንቱ ይላቸዋል! ሰማያዊው ይህንንም ሰረዘ። ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት ላይ ዳኛው አንድ ቃል ብቻ ጻፈ።

አያና

ሰማያዊው ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ይህንንም ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ቀይ ቀለም አልመጣም።

ዙሌይካ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አቶ ወልደኢየሱስ ግን ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ ኋላ ዞረው፣ በጠቀለሉት እጃቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያገለገለቻቸውን ሴት አመለከቱ።

«እሷ ናት! እኔ ማሽን እንደማልነካ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በስሜ የምትጽፈው ሸዋረጋ ናት!»

ከዚህ በኋላ እኔም ተራኪው ወልደኢየሱስን አንቱ ማለት ይብቃኝ። ዳኛውን ከመጀመሪያው እሱ ያልኩት ስለወደድኩት ነው፤ ይህንን ግን ስለተጸየፍኩት ነው።

ሸዋረጋ እንደተመታ ሰው ቁማ ቀረች።

«ሸዋረጋ ስትሰርዝ አይቻለሁ፤» አለች ይመኙሽ። «መስመሩን ሙሉ መርጣ ባንዴ ነው የምታጠፋው። ይህ ግን ቁልፉን በዓይኑ እየፈለገ፣ በአንድ ጣቱ የሚነካ ሰው ነው። ወንበሯም ሞቆ ጠብቋታል። ደግሞ በዚያ ሰዓት እዚህ አልነበረችም። የት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው፣ ሰማያዊው ሲሰርዝ በዓይኑ ያየ ሰው፣ እዚሁ በር አጠገብ ተቀምጧል። ናስር፣ ተናገር።»

ናስር ዙሌይካን ላለማየት መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«ተሳስቼ ነው የገባሁ፤» አለ። «ገጽ ሳገላብጥ። በሩን ክፈቱ የሚል ነገር እየተሰረዘ አየሁ፣ በሳቸው ስም። ስለ በር ስለሚጽፉ የታሪኩ ክፍል መሰለኝ። ትልቅ ሰው የሚጽፉበት ገጽ ላይ መግባቴ አሳፈረኝና ቶሎ ወጣሁ።»

«ሸዋረጋ የት ነበረች?»

«ፊቴ። ነጠላውን ትጠብቅ ነበር።»

«በኋላ ሞቱን ስትሰማስ?»

«ገባሁ ብዬ እንዴት ልናገር? ምን ይሉኛል ብዬ…»

«ልጅቷ ታስራ!»

ይመኙሽ ወደ ወልደኢየሱስ ተጠጋች። «ሸዋረጋን ወደ ሱቅ ላክሃት። ቀረቀርህበት፣ ጄኔሬተሩን በመያዣው ይዘህ ገፋህ። ተመልሰህ ተቀመጥህ። ልመናው ጸሐፊህ ኮምፒዩተር ላይ ሲመጣ፣ ስትመለስ እንዳታየው ሰረዝኸው። ሸዋረጋ ሴቭ ያላደረገችው ነገር አይቀርም ብለህ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ጸሐፊ ያላተመው ቃል ነፋስ ሆኖልህ ኖሯል። ጸጥ ሲል ወጥተህ በሩን ከፈትህ፤ ጄኔሬተሩን ወደ ቦታው ልትመልሰው ስትጣደፍ ግን የጭስ ቧንቧውን ጨበጥኸው። ጧፍ ጣት ይለበልባል እንጂ መዳፍ ላይ ቀጥ ያለ ሰንበር አያወጣም። አቃጠለህና ተውኸው። ነጠላውን ግለጥ፣ ቧንቧው ውጭ አለ፤ እንለካው።»

ሰውዬው አልገለጠም።

«አያናን አውጪው ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤» አለች ሸዋረጋ በድንገት። ድምፅዋ ደርቋል። «ሦስቴ። ሦስቴም አወጣሁት። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ዳኛው ገብተው ‹ነገ ከድምፁ በፊት ለሁሉም እናገራለሁ፤ እስከዚያ ራስዎ ቢያስተካክሉት ይሻላል፣ ሰው ፊት ላሳፍርዎ አልፈልግም› ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ይህንን ይዤ ዝም አልኩ።»

ወልደኢየሱስ ያን ጊዜ ተቀመጠ። «የአያቴ ስም ነው፤» አለ። «ስድሳ ዓመት ስናገረው የኖርኩትን፣ ሊቃውንቱ የሚያውቁትን፣ በአንድ አንጥረኛ ስም ሊለውጠው? ተለማመጥሁት። እሺ አላለም።»

«ለዚህ ነው?» አለች ይመኙሽ። «ሰው የታፈነው ለዚህ ነው?»

ብርቱ ነገር ጠብቃ ነበር መሰለኝ፤ ርስት፣ ቂም፣ የድሮ ደም። ያገኘችው በሰው በር ላይ የተለጠፈ ስም ሆነ። ከዚያ ሁሉ የሚያስጠላው ደግሞ የዳኛው ነገር ነው። ሌባውን ይዞ፣ ላለማሳፈር ብሎ አንድ ቀን ሰጠው። በዚያችው ቀን ተገደለባት።

ሳጅኑ ወልደኢየሱስን ይዞ ሲወጣ ማንም አልተነሣለትም። ይህን ያህል ዓመት እሱ ሲገባና ሲወጣ ያልተነሡበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ናስር ወደ ዙሌይካ ሄዶ ጎንበስ አለ። «እትዬ ዙሌይካ፣ አፉ በዪኝ፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

ዙሌይካ አየችው። «ሁለት ቀን በሱቅህ ደጃፍ ስመላለስ ሻይ ልከህልኝ ነበር፤» አለች። «ሻይህን ጠጥቼልሃለሁ።» ከዚያ በላይ አላነጋገረችውም፤ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች።

መርዋ ግድግዳውን እያየች ታለቅስ ነበር። «እኔ አይደለሁም፤» አለች ቀስ ብላ። «እማ፣ እኔ አይደለሁም የገደልኳቸው።» እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

ይመኙሽ መሐረቧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ድምፁን ሳትሰጡ ቀርታችኋል፤» አለች ከደጃፉ። «የትኛውን ልትመርጡ ነው?»

መርዋ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ገጹን ከፈተች። «በሩም በአያቴ ትእዛዝ ተሠርቶ ቆመ» የሚለው መስመር እዚያው አለ። ሳትሰርዘው ከሥሩ ጻፈች፦ «በሩን የሠራው የወለቃው አንጥረኛ አያና ነው።» ሸዋረጋ ማንም ሳያዛት በሌላው ኮምፒዩተር ተቀመጠች፤ ወንበሩን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ነበር መጀመሪያ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ስሟ ገብታ፣ መርዋ ገና እየጻፈች ሳለ፣ ቀጥላ ጻፈች፦ «ስሙን ሦስት ጊዜ የሰረዝኩት እኔ ሸዋረጋ ነኝ።»

ሁለቱ ቀለሞች አንድ ገጽ ላይ ሆኑ። ናስር ሩቅ ቆሞ ያይ ነበር፤ ግባ ያለው ሰው አልነበረም።

ሸዋረጋ ስትጨርስ ጣቷ እንደ ልማዱ ሴቭ የሚያደርገውን ቁልፍ ፍለጋ ሄደ። መርዋ እጇን ያዘቻት።

«ተይው፣ እትዬ ሸዋዬ፤» አለቻት። «ሴቭ ሆኗል።»